ስቶር ሙሉ አሮጌ ኮምፒውተር አለን፤ ለቆራሌው እንስጠው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ነው። ቢሮ ልንቀይር ስለሆነ ስቶሩን ባዶ አድርጊ ተብያለሁ። ውስጡ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች፣ የድሮ ትልልቅ ሞኒተሮች፣ ዩፒኤስ፣ ፕሪንተርና ቶነር፣ የገመድ ክምር፣ የተቃጠሉ ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች፣ የማይሠራ ትንሽ ፍሪጅና አንድ ካርቶን ስልክ አለ። ሁለቱ ስልኮች አብጠዋል። ቆራሌው ሁሉንም በአንድ ላይ ልውሰድ ብሎ ዋጋ ሰጥቶናል። አለቃዬ ደግሞ የደንበኞቻችን መረጃ አለበት ብሎ ፈርቷል፤ የሚረከበን ሰው ወረቀት ይስጠን ይላል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። አንቺ እያልኩ ብመልስልሽ ቅር አይበልሽ። ሥራዬ እንዲህ ያለ ዕቃ መጠገንና መፍታት ስለሆነ ነገሩን የማየው ከካቻቢቴው በኩል ነው።

መጀመሪያ ያበጡት ስልኮች። ሌላው ዕቃ ስቶር ውስጥ ዓመታት ተቀምጧል፣ አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምንም አይሆንም። እነዚህ ሁለቱ ግን የዛሬ ሥራ ናቸው። የሊቲየም ባትሪ የሚያብጠው ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ስለሚፈጥር ነው። ጋዙ መውጫ የለውም። ስለዚህ የባትሪውን ከረጢት ይነፋዋል፣ ከረጢቱ የስልኩን ጀርባ ይከፍታል፣ አንዳንዴም ስክሪኑን ከፍሬሙ ያነሳዋል። ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው በአውራ ጣቱ ተጭኖ መልሶ ለመዝጋት መሞከር ነው። ወይም አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ «በመርፌ ወጋ አድርገህ አየሩን አስወጣው» ይለዋል። ሁለቱም እሳት ያስነሳሉ። ባትሪው ውስጥ ያሉት ንጣፎች እንዳይነካኩ የሚለያቸው በጣም የሳሳ ፕላስቲክ ብቻ ነው። እሱ ከተቀደደ ንጣፎቹ ይገናኛሉ፣ ባትሪው ራሱን በራሱ ያግላል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በቀላሉ አይቆምም። ጭሱም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ አለበት።

ስለዚህ ስልኮቹን ቻርጅ ላይ እንዳትሰኪ፤ «ውስጡ ፎቶ ይኖር ይሆን?» ብለሽም ቢሆን አትሞክሪ። ጀርባው በእጅ የሚከፈት የድሮ ዓይነት ከሆነ ባትሪውን ቀስ ብለሽ አውጪና ወርቃማ መልክ ያላቸውን መገናኛዎቹን በናስትሮ ሸፍኚ። ጀርባው የተለጠፈ ከሆነ ከነስልኩ ተዪው፣ በምንም ነገር አትፈልቅቂ። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልጊ፣ ደረቅ አሸዋ አድርጊበት፣ ስልኩን አሸዋው መሃል አስቀምጪ። ክዳኑን ጣል አድርጊበት እንጂ አታጥብቂው፣ ጋዝ ከወጣ መሄጃ ይፈልጋል። ጣሳውን ወረቀት ከሞላው ስቶር አውጥተሽ ፀሐይ የማያገኘው ሲሚንቶ ላይ አድርጊው። የቤት ቆሻሻ ውስጥ ግን በጭራሽ። የቆሻሻ መኪና ሲጨምቀው ነው የሚፈነዳው፣ ያኔ የሚቃጠለው አንቺ ሳትሆኚ ሠራተኛው ነው።

አሁን ወደ ቆራሌው እንምጣ። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ እሱን ጥፋተኛ አድርጎ ይጀምራል። እኔ አልስማማም። ይህ ከተማ ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ ጄሪካኑን መልሶ የሚጠቀመው በእነሱ ጉልበት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አሮጌ ዕቃ እዚያ ምን እንደሚሆን በዓይኑ አይቷል። ችግሩ ሰውየው ሳይሆን «በአንድ ላይ ልውሰድ» የሚለው ስምምነት ነው። እስቲ አስቢው፤ ከዚያ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ገበያ ያለው ብረቱ፣ አሉሚኒየሙና መዳቡ ነው። መስታወቱን፣ አምፖሉን፣ የቶነር ዱቄቱን የሚገዛ የለም። እሱ የሰጣችሁ ዋጋ የብረቱና የመዳቡ ዋጋ ነው፤ የቀረው የሆነ ቦይ ውስጥ እንደሚጣል እናንተም እሱም እያወቃችሁ ዝም ብላችሁ ተስማማችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ምክሬ አትሽጪለት አይደለም። ለይተሽ ሽጪለት ነው። መርዙን ያስቀረሽለት ቆራሌው ምንም አያጠፋም።

እንግዲህ የሚለየው ምንድን ነው?

ትልልቆቹ ሞኒተሮች። ከሁሉም የከፉት እነዚህ ናቸው፣ ምክንያቱም ማንም አይፈልጋቸውም። ከኋላ በኩል ቀጠን ያለ የመስታወት አንገት አላቸው፣ አንገቱ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ገዢው የሚፈልገው ያንን መዳብ ብቻ ነው፣ ቶሎ ለማውጣት ደግሞ አንገቱን በመዶሻ ይለዋል። ቱቦው ውስጥ አየር የለም። ስለዚህ መስታወቱ ሲሰበር አየሩ በኃይል ይገባና ስባሪው ይፈናጠራል፣ ብዙ ጊዜም ያለ መነጽር፣ ባዶ እጅ፣ ልጆች አጠገብ ቆመው ሲያዩ ነው የሚሠራው። መዳቡ ይሄዳል፣ መስታወቱ እዚያው ይቀራል። የዚያ መስታወት የኋለኛው ክፍል ከክብደቱ ከአምስት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። እርሳሱ የተጨመረበት ጨረር ወደ ተመልካቹ እንዳያልፍ ነበር፤ ለተመልካቹ መከላከያ የነበረው አሁን ለአፈሩ መርዝ ሆነ። የፊተኛው መስታወት ከውስጥ የተቀባው ዱቄትም የሚተነፈስ ነገር አይደለም። ሞኒተሩ ሳይሰበር ግን ምንም አያደርግሽም። ሙሉ እንደሆነ አቆይው፣ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙረሽ አስቀምጪ፣ በላዩ ላይ ዕቃ አትደራርቢ። አትክፈቺውም፤ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ውስጥ የሚያንዘረዝር ኃይል ሊቆይ ይችላል።

በነገራችን ላይ አሮጌ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» አለ፣ በሚሊዮን ብር ይሸጣል የሚለውን ተረት የሚያምን ሰው አሁንም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በዚሁ ወሬ የአሮጌ ሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ወሬ ነው። «ሞኒተሩን ልፈትሸው» የሚል ቢመጣብሽ አሰናብቺው።

ዩፒኤስ። ሆዱ ውስጥ ያለው ባትሪ ልክ እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ነው፣ ትንሹ እንኳ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ይህ ገበያ አለው፣ ጥሩ ገበያ። ግን ሁለት ዓይነት ገዢ አለ። አንዱ ሙሉውን ወስዶ ባትሪ ለሚያቀልጥ ፋብሪካ ያስረክባል። ሌላው ጓሮ ውስጥ ሰብሮ አሲዱን መሬት ላይ ያፈስና እርሳሱን በምድጃ ያቀልጣል። እርሳስ ለልጅ አእምሮ ምንም ያህል ቢያንስ ደህና የሚባል መጠን የለውም፤ ይህን የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ብሎታል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት «ባትሪውን ሙሉውን ነው የምታስረክቡት ወይስ እናንተ ናችሁ የምትሰብሩት?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ላይ ከተንተባተበ ሌላ ፈልጊ። ብዙ ባትሪ ነጋዴ አዲስ ስትገዢ አሮጌውን ይቀበልሻል፣ አዲሱ ቢሮ አዲስ ዩፒኤስ የሚገዛ ከሆነ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። ዘንበል አታድርጊው፣ የሚያንጠባጥብ ካለ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ።

ገመዶቹ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገመድን እንደ ንጹሕ ዕቃ ነው የሚያየው። መዳቡን ከፕላስቲኩ ለመለየት ወይ በቢላ ትልጪዋለሽ ወይ ታቃጥዪዋለሽ። ማቃጠል ይፈጥናል። የአብዛኛው ገመድ ልባስ ፒቪሲ ነው፣ ፒቪሲ ክሎሪን አለው፣ መዳብ ባለበት በክፍት ቦታ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል። ዳዮክሲን ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ለዓመታት አይወጣም። የጋና ዋና ከተማ አክራ ውስጥ አግቦግብሎሺ በሚባለው የታወቀ ሰፈር ወጣቶች ለብዙ ዓመት ገመድ ሲያቃጥሉ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ ምርመራ እዚያው ከሚጭሩ ዶሮዎች እንቁላል ውስጥ እጅግ ከፍተኛ ዳዮክሲን ተገኝቷል። ጭሱ አፈር ላይ ያርፋል፣ ዶሮ አፈሩን ትጭራለች፣ እንቁላሉን ሰው ይበላዋል። የሚያናድደው ደግሞ ማቃጠል በኪስም ያከስራል፤ ተልጦ የሚያብረቀርቅ መዳብ ከጠቆረው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠሩትን የፓወር ገመዶች ለይተሽ ለአዲሱ ቢሮ አስቀሪ፣ እነሱ ዛሬም አንድ ዓይነት ናቸው። የቀረውን የምትሸጪለትን ሰው «ታቃጥለዋለህ?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂው። ነገሩ ያስቃል መሰለሽ እንጂ ሲጠየቁ የሚያፍሩ አሉ፣ ለመላጥም ቃል የሚገቡ አሉ።

አምፖሎቹ። ረጃጅሞቹም፣ ያ ጠምዛዛው «ቆጣቢ አምፖል» የምንለውም ውስጣቸው ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ። ለአንድ አምፖል ትንሽ ነው፣ ለአንድ እቅፍ ግን ትንሽ አይደለም። ቀድሞ የመጡበት ካርቶን ካለ መልሰሽ ክተቺያቸው፣ ከሌለ በጋዜጣ ጠቅልለሽ አቁሚያቸው። አንዱ ቢሰበር ሰዉን አስወጪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቂ፤ ከዚያ ስባሪውን በደረቅ ካርቶን ሰብስቢ፣ ደቃቁን በፕላስተር እያጣበቅሽ አንሺ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ክተቺ። መጥረጊያ አትጠቀሚ፣ ያበንነዋል። ዓለም እነዚህን አምፖሎች ቀስ በቀስ እየተሰናበታቸው ስለሆነ ለአዲሱ ቢሮ ኤልኢዲ ግዙ።

ፍሪጁ። ኮምፕረሰሩና ቱቦው መዳብ አለበት፣ ገዢው ቱቦውን በፒንሳ ቆርጦ ጋዙን «ፍስስ» ያደርገዋል። አንድ ኪሎ 134ኤ የሚባለው ጋዝ አየር ላይ ሲለቀቅ የሚያመጣው ሙቀት ከ1,400 ኪሎ በላይ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከሚያመጣው ጋር እኩል ነው። ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ከኪሎ በጣም ያነሰ ነው፣ ቢሆንም። የአዳዲሶቹ ጋዝ ደግሞ 600ኤ ነው፣ እሱ ሙቀቱ ላይ ብዙም አይጨምርም፣ ግን ተቀጣጣይ ነው፤ አጠገቡ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ያገኘዋል። የትኛው እንደሆነ ከጀርባው ባለው ጽሑፍ ላይ ታገኚዋለሽ። ጋዝ በማሽን ስቦ ሲሊንደር ውስጥ የሚያስገባ የፍሪጅ ቴክኒሻን ጥሪና መጀመሪያ ይጠገን እንደሆነ ይይልሽ። ብዙ ጊዜ ቴርሞስታት ወይም ሪሌ ብቻ ነው የተበላሸው።

ቶነሩ ቀላል ነው። ባዶዎቹን የሚሞሉ ሱቆች ሞልተዋል፣ ውሰጂላቸው። የፈሰሰ ዱቄት ካለ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ በቫኪዩም አትሳቢ። ፕሪንተሮቹ ለቆራሌው ቢሄዱም ቶነሩ ከወጣላቸው በኋላ ይሁን።

አሁን ሰው ሁሉ ስለሚጓጓለት ወርቅ። አዎ፣ ማዘርቦርድና ስልክ ውስጥ ወርቅ አለ። አንድ ቶን ስልክ ያለ ባትሪው 300 ግራም ገደማ ወርቅ ይሰጣል፣ ከመሬት የሚቆፈር ጥሩ ማዕድን ግን በቶን ጥቂት ግራም ነው። ጃፓኖች ለ2020ው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ከሕዝቡ 6.2 ሚሊዮን ስልክና ሌላ ትናንሽ ዕቃ፣ በድምሩ ወደ 79 ሺህ ቶን ሰብስበው 32 ኪሎ ወርቅ አውጥተዋል። እዚህ ላይ ቁጥሩን ወደ አንቺ ካርቶን እናምጣው፤ 20 ስልክ ቢኖርሽ ወርቁ አንድ ግራም አይሞላም። ለዚያች ነገር ብሎ ነው ጓሮ ውስጥ ናይትሪክ አሲድ የሚፈላው። አብዛኛው ወርቅ ከአሲዱ ጋር ይደፋል፣ የሠራተኛው እጅና ሳንባም አብሮ ይሄዳል። በቪዲዮ አይቶ ልሞክረው የሚል የቢሮ ልጅ ካለ ንገሪው።

በትክክል የሚያወጡት ትልልቅ ማቅለጫዎች ናቸው። ለምሳሌ ቤልጂየም ሆቦከን ያለው የዩሚኮር ፋብሪካ ቦርዱን አቅልጦ ወርቁን፣ ብሩን፣ ፓላዲየሙን፣ መዳቡን ለየብቻ ያወጣል፣ ጭሱንም ያጣራል። ችግሩ እዚያ ማድረሱ ነው። ቦርድ በድንበር ሲያልፍ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የባዝል ስምምነት ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አደገኛ ተባለም አልተባለም ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከመጫኑ በፊት የተቀባዩና የሚያልፍባቸው አገሮች ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሕጉ የመጣው ሀብታም አገሮች ቆሻሻቸውን ወደ እኛ እንዳያራግፉ ነው፣ ጥሩ ሕግ ነው፣ እኛም መርዙን ወደሚችሉት ስንልክ ያንኑ ወረቀት እናሟላለን። አንድ ቢሮ ይህን ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ቦርዶቹ ከብዙ ቢሮ ተሰብስበው፣ ተፈትተው፣ ኮንቴነር ሲሞላ ነው የሚላኩት።

እዚህ አገር ለዚህ ሥራ የተሠራው አቃቂ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መፍቻ ማዕከል ነው፣ ከኮምፒውተር ማደሱ ሥራ ጋር ተያይዞ የተቋቋመ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው። ከዚያ ወዲህ የግል ሰብሳቢዎችም እየመጡ ነው። ሳትደውዪ ዕቃ ጭነሽ አትሂጂ። ስትደውዪ የምትጠይቂው ሦስት ነገር ነው፦ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አላችሁ ወይ፣ የድሮ ሞኒተርና ባትሪ ትቀበላላችሁ ወይስ ኮምፒውተሩን ብቻ፣ የማትችሉትን ለማን ነው የምታስተላልፉት። «ብረቱንና ቦርዱን ብቻ ነው የምንወስደው» ያለሽ ሰው ከቆራሌው የሚለየው በመኪናው ነው።

ሁሉንም ለሰብሳቢ ከማስረከብሽ በፊት ግን አንድ ቆም በይ። ከኮምፒውተሮቹ ውስጥ ሥራ የሚችል አለ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ነው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ «ሞቱ» የተባሉ ደህና ማሽኖች ብዙ ናቸው። ራሙን ጨምረሽ፣ በዲስኩ ፈንታ ኤስኤስዲ የሚባለውን የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማስቀመጫ አስገብተሽ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ነፃውን ሊኑክስ ብትጭኚበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ዓመታት ይሠራል። ኮምፒውተር ገና ሲመረት ብዙ ጉልበትና ማዕድን ስለፈሰሰበት ዕድሜውን ማራዘም ከየትኛውም መፍታት ይሻላል። ለትምህርት ቤት መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ፤ ግን በርቶ የሚሠራ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱና ገመዱ የተሟላለት ይሁን። የተሰበረውን ቀላቅሎ «ለገስን» የሚሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ ፎቶ ይነሱና ይሄዳሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ቆሻሻውን ታቅፎ ይቀራል። ውጭ ያላችሁ ወገኖችም ይህን ብታዩት፦ በኮንቴነር ላፕቶፕ ስትልኩ ባትሪው ያለቀበትንና ስክሪኑ የተሰነጠቀውን እዚያው አስቀሩ። አውሮፓ ውስጥ ሻጩ አሮጌውን እንዲቀበል ሕግ ያስገድደዋል፤ እኛ ጋ ግን የሚሄድበት የለውም።

ወደ አለቃሽ ፍርሃት እንሂድ፣ ፍርሃቱ ትክክል ነው። የሂሳብ ቢሮ ዲስክ ላይ የሰው ደመወዝ፣ የግብር ፋይል፣ የባንክ ቁጥር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ሰው ያመናችሁን መረጃ መጠበቅ ግዴታ ነው። ፋይል «ዲሊት» ማድረግ መረጃውን አያጠፋም፣ ፈጣን ፎርማትም አያጠፋም። ማውጫውን ነው የሚቀደው፣ ገጾቹ አሉ። ነፃ ሶፍትዌር አውርዶ የሚመልሰው ተማሪ ሞልቷል።

የሚሠራ ዲስክ ከሆነ ሙሉውን በሌላ መረጃ አንድ ጊዜ የሚሸፍን ፕሮግራም ይሂድበት፣ ለአሁኑ ዲስክ አንድ ጊዜ ይበቃል። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ማታ ትተሽው ሂጂ። ኤስኤስዲ ከሆነ ይህ ዘዴ በደንብ አይሠራም፣ የአምራቹን ማጥፊያ ፕሮግራም ተጠቀሚ። ጨርሶ የማይነሳ ዲስክ ከሆነ ግን ይበሳል። ኬሱን ትከፍቺያለሽ፣ በአራት ብሎን የታሰረውን ዲስክ በካቻቢቴ ትፈቺያለሽ፣ የአይቲ ልጃችሁ ትራፓኖ ይዞ ውስጡ ያለው ክብ ሳህን እስኪበሳ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ያሳልፋል። መነጽር ማድረግ የግድ ነው፤ በተለይ የላፕቶፕ ዲስክ ሳህኑ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይበታተናል። መግነጢስ ጠጋ ማድረግ፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ እነዚህን እርሺያቸው። ፕሪንተሩንም አትርሺ፣ ብዙዎቹ ትልልቅ ኮፒ ማሽኖች የራሳቸው ዲስክ አላቸው፣ የቀዱት ነገር እዚያ ሊቀር ይችላል።

ለሚሠሩት ስልኮች ከጉግል ወይም ከአይክላውድ አካውንት መጀመሪያ ውጪ፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሺው፣ ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርዱን አውጪ። አካውንቱ ሳይወጣ የተመለሰ ስልክ ለቀጣዩ ሰው ይቆለፍበትና ያለ በቂ ምክንያት ቆሻሻ ይሆናል። ቴሌብርና የባንክ አፕ የነበረበት ከሆነ ቁጥሩ አሁን በማን እጅ እንዳለም አረጋግጪ።

አንድ የሚያበሳጨኝን ነገር ልጨምር። እናንተ የግል ቢሮ ስለሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ዛሬ ወስናችሁ ነገ ማውጣት ትችላላችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ለማስወገድ ኮሚቴ፣ ግመታ፣ ጨረታ ያስፈልገዋል። በዚህ የተነሳ አገሩ ሁሉ ስቶር ሙሉ ኮምፒውተር ታቅፎ ተቀምጧል፤ ሊታደስ ይችል የነበረው እዚያው ያረጃል። ጨረታው ሲመጣ ደግሞ የሚያሸንፈው ከፍተኛ ዋጋ የሰጠው ነው፣ ሞኒተሩን የት ትወስደዋለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መርዙን በአግባቡ ለማስወገድ ወጪ የሚያወጣ ተጫራች ሁልጊዜ ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርቶ በአግባቡ መሰብሰቡ በሰነድ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ብቻ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ 1 በመቶም አይሞላም። የኛን ድርሻ ያሳነሰው የሕግ እጦት አይመስለኝም። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለን፣ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም አለን። የጎደለው ሲጫረቱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን መድረሻም መጠየቅ ነው።

ስለ ገንዘቡም አለቃሽን አስቀድመሽ አዘጋጂው። ቆራሌው ለሁሉም ከሰጣችሁ ዋጋ ያነሰ ነው የምታገኙት። ብረቱ፣ የዩፒኤስ ባትሪውና መዳቡ ብር ያመጣሉ፤ ሞኒተሩና አምፖሉ ምናልባት የትራንስፖርት ይጠይቋችኋል። ከአንዱ ያገኛችሁትን ለሌላው ትከፍላላችሁ። ብዙ ቢሮ ይህን ሲሰማ ሞኒተሩን ማታ አውጥቶ ገንዳ አጠገብ ጥሎ ይሄዳል፣ እናንተ አታድርጉት። ሕንፃው ላይ ሌሎች ቢሮዎች ካሉ ጠይቂያቸው፤ የሁሉም ስቶር ያው ነው፣ አንድ አይሱዙ ተጋርታችሁ ከጫናችሁ ወጪው ይቀላል።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ «ልዩ ልዩ ዕቃ ተረክቤያለሁ» የሚል ደረሰኝ አትቀበዪ። በዓይነት፣ በብዛት፣ የመለያ ቁጥር ላለው በመለያ ቁጥሩ ይጻፍ፤ የተረካቢው ስም፣ የፈቃድ ቁጥርና ማኅተም ይኑርበት፤ ለመሸጥ፣ ለማደስ ወይስ ለማስወገድ እንደወሰደው ይለይ። ከዲስኮቹ ጎን ማን፣ መቼ፣ በምን ዘዴ እንዳጠፋቸው እናንተው ጻፉና ፈርሙ፣ የተበሱትን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ለቆራሌው የሚሄደው ብረት ደረሰኝ የለውም፣ ለዚያ የኬሱን ብዛትና የተቀበላችሁትን ብር በራሳችሁ ቅጽ ላይ መያዝ ይበቃል። አለቃሽ ከንብረት መዝገብ ላይ ሲሰርዝ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።